የምንጸልይላትን ሴት ማን አያት?

አንዲት ሴት ነበረች። ባል ያላት፣ ልጆቿን አሳድጋ የዳረች፣ ከሆሳዕና ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ የምትኖር ተራ ሴት። መንገድ ላይ ብታልፋችሁ ዞር ብላችሁ አታዩዋትም። ስሟ አስካለ ይባላል።

ይህች ሴት አንድ ነገር ትችል ነበር። በሽተኛ ያለበት ቤት ስትገባ ምን መደረግ እንዳለበት የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም። ሌሎቻችን በር ላይ ተኮልኩለን "እግዚአብሔር ይማርሽ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ" ስንል እሷ ጫማዋን አውልቃ ገብታለች። መስኮት ከፍታለች። ውኃ ጥዳለች። የታማሚዋን እጅ ይዛ "ይሄ ጥፍር ነው ወይስ ማረሻ?" ብላ አስቃታለች፤ እየሳቀች ደግሞ ጥፍሯን ቆርጣላታለች።

የተኛ ሰው በምን እንደሚያፍር ታውቃላችሁ? በመሽተቱ ያፍራል። መገላበጥ ባለመቻሉ ያፍራል። ሕመሙን ችሎ እፍረቱ ይገድለዋል። አስካለ አንሶላ ስትቀይር ወሬ የምታወራ እንጂ አንሶላ የምትቀይር አትመስልም። የማን ልጅ ዳረ፣ የማን ላም ወለደች፣ ገበያ ላይ ማን ከማን ተጣላ። ወሬው ሲያልቅ ታማሚው ታጥቦ፣ ተገላብጦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ተኝቷል። መቼ እንደታጠበም አያውቅም።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ይህ ምንድነው? ልማድ ነው? ጠባይ ነው? ወይስ ሰጪ ያለው ነገር ነው? መልሱን ያዙት።

በቤተ ክርስቲያኗ ሐሙስ የጥየቃ ቀን ነበር። የታመመውን፣ ያዘነውን፣ የቀረውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ማየት ነው ጥየቃ። የሚወጡት ጥቂት ሴቶች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ወንዙን ተሻግራ፣ ጭቃውን ረግጣ፣ አዲሱ ሰፈር ድረስ የምትሄደው አስካለ ብቻ ነበረች። እዚያ ድንቅነሽ የምትባል የቤተ ክርስቲያኗ አባል በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ተኝታለች።

ድንቅነሽ ሽንኩርት እየቸረቸረች የኖረች ሴት ናት። ባሏ ሞቷል፣ የወለደችው የለም። አንድ ቀን ጠዋት ልትነሣ ስትል ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። እጇ ቀረ። እግሯ ቀረ። አፏ ብቻ እንደነበረ ነው።

"መጣሽ የእኔ ወታደር?" ትላለች አስካለ ስትገባ።

"ወታደርም ቢሆን እዚህ ምሽግ አይገባም። ሽታሽ ከበር ይመልሳል።"

"ታዲያ አጥቢኛ! ቆመሽ ከምትሰድቢኝ።"

እንዲህ እየተባባሉ ነው የሚውሉት። ጓሮ ለጓሮ የምትኖር ነስራ የምትባል ሙስሊም ጎረቤት ነበረቻት፤ ከልጆቿ ምግብ ቀንሳ የምታጎርሳት እሷ ናት። ሐሙስ ሐሙስ ነስራ በሩን ተደግፋ አስካለን ታያታለች። እንዴት እንደምትይዛት፣ ከየት ጀምራ እንደምታጥባት፣ ጀርባዋን እንዴት ቀስ አድርጋ እንደምታዞር ዝም ብላ ታያለች።

ድንቅነሽ ከአስካለ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። አንድ ብቻ። አስካለ ልትወጣ ስትነሣ በደኅናው እጇ ቀሚሷን ጨምድዳ ትይዝና፣ "ሐሙስ እንዳትቀሪብኝ" ትላታለች። ሳቁም ቀልዱም ያን ጊዜ ፊቷ ላይ የለም። "እንዳትቀሪብኝ፣ አስካለ።"

እንዲህ እያሉ ሳለ በቤተ ክርስቲያኗ የጸጋ ስጦታ ኮንፈረንስ ተደረገ። ድንኳን ተተከለ፣ ትልልቅ ድምፅ ማጉያ መጣ፣ ከሩቅ አገር እንግዳ አገልጋይ ተጋበዘ። ግሩም ጊዜ ነበር፤ አልዋሽም። ወንድም ተከተል የሚባለው የጸሎት ቡድን መሪ ማይክ ይዞ ወደ ሕዝቡ ወረደ። ይህ ሰው ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። የሚጾም፣ የሚጸልይ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሮጥ ሰው ነው። በየወንበሩ መካከል እየሄደ "ጸጋህ ምንድነው? ጸጋሽ ምንድነው?" እያለ ይጠይቃል።

አንዱ "ትንቢት" አለ። እልል ተባለ።

አንዷ "ዝማሬ" አለች። ተጨበጨበ።

አንዱ "ፈውስ" አለ። ድንኳኑ ሊነቀል ደረሰ።

ማይኩ አስካለ ጋ ደረሰ። "አንቺስ እህቴ? ጸጋሽ ምንድነው?"

አስካለ ተነሥታ ቆመች። ቀሚሷን ወደ ታች ሳበች። "እኔ እንኳ... በሽተኛ አጥባለሁ።"

ሕዝቡ ሳቀ። በክፋት አልነበረም። ዝም ብሎ፣ እንዲያው አፉ አምልጦት ሳቀ። ወንድም ተከተልም ፈገግ አለና፣ "እሱማ ሥራ ነው እህቴ። እኔ የጠየቅሁሽ ጸጋሽን ነው። ለምኚ፣ ይሰጥሻል" ብሏት አለፈ።

ወገኖቼ፣ የዚህን ወንድም ቃል ልብ በሉት። "እሱማ ሥራ ነው።" ማነው ይህን ድንበር ያሰመረው? ማነው በማይክ የሚነገረውን ጸጋ፣ በሳሙና የሚሠራውን ሥራ ብሎ የለየው? እግዚአብሔር ነው? የት ላይ ነው እንዲህ ያለው?

አስካለ ግን አመነችው። ደግሞ እልኸኛ ናት። ቤቷ ገብታ ለባሏ "ሳቁብኝ" አለችው።

"ምን ብለሽ?"

"በሽተኛ አጥባለሁ ብዬ።"

"ታዲያ አታጥቢም እንዴ?"

"አጥባለሁ! ግን ጸጋ አይደለም አሉኝ።"

እሷ ጾም ያዘች። ጸለየች፣ አለቀሰች፣ ለመነች። ለጸሎት ስትቆም ድምፅ አላት፤ ከኋላ ወንበር ጮኻ ከፊት ይሰማል። ብዙም ሳይቆይ ወንድም ተከተል ራሱ ጠራትና "ጌታ ለምልጃ ለይቶሻል" አላት። አንገቷ ላይ ባጅ አንጠለጠሉላት። እሁድ እሁድ መድረክ ላይ ወጥታ ስለ ሕሙማን የምትጸልየው እሷ ሆነች። ስትጸልይ ሰው ይንቀጠቀጣል። ያ የሳቀባት ሕዝብ ሁሉ አሁን በአክብሮት "እህት አስካለ፣ እህት አስካለ" ይላታል። ደስ አላት። የማን ልብ ደስ አይለውም?

ችግሩ አንድ ነበር። የጸሎት ቡድኑ የሚሰበሰበው ሐሙስ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ወንዙን ተሻግራ ሄደች። እንደ ወትሮዋ አጠበቻት፣ ፀጉሯን አበጠረችላት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ነገረቻት።

"ድንቄ፣ ከእንግዲህ ሐሙስ መምጣት አይመቸኝም። የምልጃ አገልግሎት ተሰጥቶኛል። በጸሎት ነው የማግዝሽ።"

ድንቅነሽ አየቻት። "ጸሎቱን እዚሁ መጥተሽ ብታደርጊውስ?"

"የቡድን ነው እኮ። በአንድነት ነው የሚጸለየው።"

"ምነው፣ እግዚአብሔር ይህን ሰፈር አያውቀውም እንዴ?"

ሁለቱም ሳቁ። አስካለ ተነሣች። ድንቅነሽ እንደ ልማዷ ቀሚሷን ያዘች፤ ግን "እንዳትቀሪብኝ" አላለችም። ዝም ብላ ያዘችው፣ ዝም ብላ ለቀቀችው። አስካለ መንገድ ላይ ስትሄድ ያ ዝምታ ከነከናት። "ሲመቸኝ በሌላ ቀን ብቅ እላለሁ" አለች ለራሷ።

ብቅ አለች? አላለችም። ማክሰኞ ልጇ ጋ ትሄዳለች። ረቡዕ ጾም ነው። አርብ ደክሟታል። ቅዳሜ ገበያ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

የጥየቃ ሴቶቹስ? እነሱ ደግሞ አስካለ የምትሄድ መስሏቸዋል። ለምን አይመስላቸው? እሁድ መድረክ ላይ ቆማ "ጌታ ሆይ ድንቅነሽን! ያን ግራ እጇን! ያን ግራ እግሯን! ያን ቀኑን ሙሉ ጣራ የሚያይ ዓይኗን!" ብላ ስትጮኽ፣ ትናንት አይታት የመጣች ነው የምትመስለው። እንዲህ አድርጎ የሚያውቃት ሰው አያያትም ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሕዝቡ "አሜን" ይላል። "ከአልጋዋ አንሣት!" ትላለች። "አሜን!" ይላል። እሁድ ያልፋል። ሌላ እሁድ ይመጣል። "ከአልጋዋ አንሣት!" "አሜን!" ስሟ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ያልተጠራበት እሁድ አልነበረም። ድንቅነሽን የማያውቅ የለም። ድንቅነሽን ያየም የለም።

ክረምቱ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኗ ለጾምና ጸሎት ወደ ተራራ ወጣች። አንድ ሳምንት ሙሉ፤ ሽማግሌው፣ መዘምራኑ፣ ወጣቱ፣ ጥበቃው ሳይቀር። ስልክ ተዘግቶ በአንድ ከረጢት ተሰበሰበ። አስካለ ለድንቅነሽ እንደዚያ ሳምንት ጸልያ አታውቅም። ድምፅዋ እስኪዘጋ ጸለየች። በመጨረሻ ልቧን አንድ ነገር አሞቃት። "ተነሥታለች" አለች። "ተነሥታለች፣ አይቻለሁ!" ወንድም ተከተልም "እኔም ተሰምቶኛል" አለ። እየዘመሩ ወረዱ።

እንግዲህ ያን እሁድ ስሙት።

ሰው ሞልቶ ወንበር ጠፍቷል። አስካለ መድረክ ላይ ናት፣ ማይኩ በእጇ ነው። ተነሥታለች ያለቻትን ድንቅነሽን ከልማድ የተነሣ "ከአልጋዋ አንሣት!" እያለች ዓይኗን ብትገልጥ በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ሻሽ ያሰረች፣ ጫማዋ ጭቃ የሆነ። ነስራ ናት! የድንቅነሽ ጎረቤት! ከወንዝ ማዶ ሙስሊሟ ሴት በእግሯ ቤተ ክርስቲያን መጣች! ለምን ትመጣለች? የአስካለ ልብ ዘለለ። ሌላ ለምን ትመጣለች?

"ወገኖች!" አለች በማይኩ። "ወገኖች፣ ዓይናችሁን ግለጡ! የእህታችን የድንቅነሽ ጎረቤት መጥታለች! ምስክርነት ይዛ ነው የመጣችው! ጌታ ያደረገውን ልትነግረን ነው! እልል በሉ!"

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። አስተናጋጆች ነስራን ክንዷን ይዘው እያጣደፉ ወደ ፊት አመጧት። እሷ "ቆይ፣ ቆይ፣ እኔ..." ትላለች፤ ማን ይሰማታል? ከበሮው ጀምሯል። አስካለ ራሷ ደረጃውን ወርዳ አቅፋ አወጣቻትና ማይኩን አፏ ላይ ደቀነችው።

"ንገሪን እህቴ! ንገሪን! ድንቅነሽ እንዴት ሆነች?"

ነስራ አስካለን አየቻት። ሕዝቡን አየችው። አፏን ከፈተች፤ የገዛ ድምፅዋ ከድምፅ ማጉያው ሲወጣ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። ከዚያ እንዲህ አለች፤

"ኧረ... እማ ድንቄን እኮ ቀብረናታል።"

ከወደ ኋላ አንድ ሰው ከልማድ የተነሣ "አሜን!" አለ።

ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም። ከበሮው ቆመ። ያን ዝምታ ያየ ሰው እስከ ዛሬ ሲያወራው ክንዱን ያሻሻል።

"ምን አልሽ?" አለች አስካለ። ማይኩ አሁንም በእጇ ነው፤ ማስቀመጡን ረስታዋለች።

"ቀብረናታል። ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ። እኔ ልነግራችሁ መጥቼ ነበር፤ በራችሁ ተቆልፏል። ብደበድብ፣ ብደበድብ ሰው የለም። እሷ 'የእኔ ሰዎች መቃብር አላቸው' ትለኝ ነበር። የመቃብራችሁን ቁልፍ ማን እንደያዘው የሚያውቅ አጣን። የሰፈሩ እድር ማዘጋጃ ቤት በሰጠው መሬት አሳረፋት።" ዞር ብላ ሕዝቡን አየች። "ለቅሶ ላይ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ ከእናንተ የመጣ የለም። ተጣልተዋት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ዛሬ መጥቼ በር ላይ ስደርስ ስሟን በድምፅ ማጉያ ሰማሁ። አንሣት፣ አንሣት ትላላችሁ። ማንን ነው የሚያስነሡት ብዬ ቆሜ ቀረሁ።"

የሞተችን ሴት፣ ወገኖቼ። የተቀበረችን ሴት። አፈር የለበሰችን ሴት ከአልጋዋ አንሣት እያሉ! አልጋው ተፈትቶ፣ ክፍሉ ተጠርጎ!

ወንድም ተከተል ደንግጦ ወደ ማይኩ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሌላ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ የሚያውቀውን አለ። "እንጸልይ" አለ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ። አስካለ አልጨፈነችም። ማይኩን አግዳሚ ላይ አስቀመጠችና የነስራን እጅ ይዛ በመካከል ወጣች።

መንገድ ላይ አልተነጋገሩም። ወንዙን ተሻገሩ። ክፍሉ ተከፍቶ ነበር። አልጋ የለም። ግድግዳው ላይ የድንቅነሽ ራስ ይደገፍበት የነበረው ቦታ ወዝቷል። አስካለ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ማን... ማን ያጥባት ነበር?"

"እኔ ነኛ" አለች ነስራ። "ማን አለ ሌላ? መጀመሪያ አላውቅበትም ነበር። ኋላ አንቺ እንደምታደርጊው አደረግሁ። ከፊቷ ጀምሬ፣ እያወራሁ። ወሬ ግን እንደ አንቺ አልችልም፤ 'የአንቺ ወሬ ጨው የለውም' ትለኝ ነበር።"

አስካለ አልሳቀችም። አላለቀሰችም።

"ተቀይማኝ ሞተች?"

"ኧረ ምን ተቀይማ!" ነስራ አጠገቧ ተቀመጠች። "እትዬ አስካለ፣ እሷ እኮ የታመምሽ ነበር የመሰላት። ሐሙስ ሲሆን በሩን ክፈቺልኝ ትላለች፣ ማንም አይመጣም። እኔ ተናድጄ 'ረስተውሻል' ስላት ትጮኽብኛለች። 'አስካለ ጤና ሆና አትቀርብኝም፣ አንድ ነገር ብትሆን ነው፤ ልትነግረኝ ፈርታ በጸሎት ምናምን አለችኝ እንጂ አሟታል' ትላለች። ስለ አንቺ ነበር የምትጸልየው።"

"ስለ እኔ?"

"ማታም ጠዋትም። እኔ እናንተ የምትሉትን አላውቅም፤ ግን ሰምቼ ሰምቼ በቃሌ ይዤዋለሁ። 'ጌታ ሆይ፣ አስካለን ከአልጋዋ አንሣት' ነበር የምትለው።"

ሰምታችኋል? ጤነኛዋ መድረክ ላይ ቆማ "ድንቅነሽን ከአልጋዋ አንሣት" ትላለች። በሽተኛዋ አልጋ ላይ ተኝታ "አስካለን ከአልጋዋ አንሣት" ትላለች። እስቲ ንገሩኝ፣ የማንኛዋ ጸሎት ነበር የሚያስፈልገው? ማንኛዋ ነበረች የተኛችው?

አስካለ ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። ያ ትልቅ ድምፅዋ ወጣ። የሰፈሩ ሰው ለቅሶ እንደ አዲስ የተጀመረ መስሎት ነጠላውን እየለበሰ መጣ።

በሚቀጥለው እሁድ አስካለ መድረክ ላይ አልወጣችም። ሕዝቡ መካከል ተቀመጠች። ወንድም ተከተል አንገቱን ደፍቶ ስለ ድንቅነሽ ጥቂት ተናገረ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ አለቀሰም። መልካም አደረገ። ከዚያ ግን፣ አያችሁት ልማድ የሚባለውን ነገር፣ እንባውን ጠረገና እንዲህ አለ፤ "አሁን ደግሞ አልጋ ላይ ከዋለ ብዙ ጊዜ ስለሆነው ስለ ጋሽ ኤርገኖ እንጸልያለን። ሁላችንም ዓይናችንን እንጨፍን።"

"ማነው ያየው?" የሚል ድምፅ ተሰማ።

አስካለ ናት። ማይክ አልያዘችም፤ አያስፈልጋትም።

"እህት አስካለ..."

"ጋሽ ኤርገኖን ማነው ያየው? በሕይወት መኖሩን ማነው የሚነግረኝ?"

ወንድም ተከተል ፓስተሩን አየ። ፓስተር ላንቃሞ ሽማግሌዎቹን አየ። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አዩ። ያን ሁሉ ሰው ብትቆጥሩት ለሁለት ቤተ ክርስቲያን ይበቃል። ጋሽ ኤርገኖ ሞቷል ወይስ አለ? የሚያውቅ አልነበረም! አንድ ስንኳ! የሰውዬው ቤት ደግሞ ወንዝ ማዶ እንኳ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ነው።

ፓስተር ላንቃሞ ስብከቱን አጠፈና ኪሱ ውስጥ ከተተው። "ተነሡ" አለ። "እንሂድ።"

ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አስካለ ከፊት ናት፤ እየሮጠች ነው ቢባል ይቀላል። በመንገድ ላይ ልቧ "ደግሞ እዚህም ደርሰን አልጋው ተፈትቶ ብናገኝስ?" ይላታል። አጥሩ ጋ ደረሱ። በሩን ገፋችው።

ጋሽ ኤርገኖ ጓሮው ውስጥ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ እንሰት ይኮተኩታል።

ቀና ብሎ ያን የሰው ጎርፍ ሲያይ ዶማውን ደገፍ አለ። "ምንድነው? ማን ሞተ?"

"ጋሽዬ..." አለች አስካለ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ። "ደኅና ነህ?"

"እንደምታዪኝ ነኝ።"

"አሞህ አልነበረም እንዴ?" አለ ፓስተሩ።

"አሞኝ ነበራ! ድኜ ስንት ጊዜዬ። አሁን ልትቀብሩኝ ነው የመጣችሁት? ትንሽ ታገሡ፣ ይችን መደብ ልጨርሳት።"

ሰዉ መሳቅም ማልቀስም አቃተው። ወንድም ተከተል ወደ ፊት መጣ። "ጋሽ ኤርገኖ፣ እኛ እኮ በየእሁዱ ስንጸልይልህ ነበር።"

"አውቃለሁ ልጄ። ድምፅ ማጉያችሁ እዚህ ጓሮ ድረስ ነው የሚሰማው።" ሽማግሌው ቀልዱን ተወ። "ስሜ ሲጠራ እሰማለሁ። 'ኤርገኖን አስበው' ትላላችሁ። ያን ጊዜ ተኝቼ፣ ዛሬስ ጸሎቱን ሲጨርሱ ብቅ ይሉ ይሆናል ብዬ በሩን አያለሁ። ስትወጡ ትሰማላችሁ፤ ሰላምታው፣ ሳቁ፣ ሞተር ብስክሌቱ። ከዚያ ጸጥ ይላል። ስድን ምን አሰብኩ መሰላችሁ? እኔ ባልሄድ ማን መጥቶ ያየኛል፣ እስቲ ልይ አልኩ። አልመጣሁም፤ ማንም አላየኝም። ስሜ ብቻ ይመጣል እዚያ። ስሜን አድናችሁት ይሆናል፤ እኔን ግን እንኳን መዳኔን መታመሜንም አላያችሁም።"

ወንድም ተከተል እጆቹን አንሥቶ "ታዲያ አሁን ስለ መዳንህ እናመስግ..." ሲል ሽማግሌው ክንዱን ያዘው።

"ቆይ። መጀመሪያ ተቀመጡ" አለው። "እዚች ሣሩ ላይ። ቆማችሁ ጸልያችሁ ቆማችሁ እንዳትሄዱብኝ። ተቀመጡ፣ ልያችሁ።"

ተቀመጡ። ያ ሁሉ ሕዝብ በእሁድ ልብሱ ጓሮ ውስጥ ተቀመጠ።

አስካለ ከዚያ ወዲህ ሐሙስ የት እንዳለች አትጠይቁኝ፤ ገብቷችኋል። መጸለዩንም አልተወችም። እጇ ሳሙና ውስጥ ሆኖ ትጸልያለች፣ ያውም ጮኻ። ሌሎች ሴቶችም፣ ወንዶችም ተከትለዋታል። ወንድም ተከተል ራሱ ሽማግሌ ማገላበጥ እየተማረ ነው። መልካም ነው። እሰየው ነው። ድንቅነሽ ግን አትመለስም። ይህን ነገር ጣፋጭ አድርጌ ልዘጋላችሁ አልችልም። ድንቅነሽ በሩ ተከፍቶላት፣ በሩን እያየች ነው የሞተችው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። እናንተ ከፊት የተቀመጣችሁ፣ እናንተም ከኋላ ያላችሁ።

ጸሎት ተዉ እያልኩ ነው? እንዲህ ብሎ የሚያወራብኝ ሰው ካለ ዋሽቷል። ጸልዩ። ጮኻችሁ ጸልዩ። እኔ የምላችሁ፣ እግዚአብሔር መልሱን አስቀድሞ በእጃችሁ ላይ ካስቀመጠ፣ መልሱን በእጃችሁ ይዛችሁ መልስ ላክ እያላችሁ አትጩኹበት ነው።

አንቺ እህቴ፣ ለምግብ እጅሽ የሚጣፍጥ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው አብልተሽ የማይጎድልብሽ። "እኔ ጸጋ የለኝም" የምትዪው ለማን ነው? አንተ ወንድሜ፣ የተጣሉ ሰዎች አንተ መካከል ስትገባ የሚበርዱልህ። አንቺ ልጄ፣ አሮጊቶች ደጋግመው የሚያወሩትን ወሬ ሳትሰለቺ የምትሰሚ። ማነው ይህ ጸጋ አይደለም ያላችሁ? ማይክ ያልተደቀነበት ስለሆነ ነው? እልል ያልተባለለት ስለሆነ ነው? ታዲያ ተዉታ። ተዉትና ሌላ ለምኑ። እናንተ ሌላውን ስትለምኑ የሚሞት ሰው አለ። እየማልኩ ነው የምነግራችሁ፣ የሚሞት ሰው አለ።

ደግሞ እኛ መድረክ ላይ የምንወጣው፤ ሰው ጸጋውን ሲነግረን የምንስቀው እኛ። በማን ላይ ነው የሳቅነው? በሰጪው ላይ አይደለም እንዴ?

አሁን እያንዳንዳችሁ አንድ ስም አስቡ። በየቀኑ በጸሎታችሁ የምትጠሩት፣ የታመመ ወይም የጠፋ ወይም ያዘነ የአንድ ሰው ስም። አሰባችሁ? ይህን ሰው መጨረሻ መቼ አያችሁት? በሩ ወደ የት ነው የሚከፈተው? ዛሬ ጠዋት ማን ውኃ አቀበለው? በሕይወት አለ? እርግጠኛ ናችሁ?

አንዳንዶቻችሁ አንገት ደፍታችኋል። አትድፉ። አንገት መድፋት ለእሱ ምንም አያደርግለትም።

የመዝጊያውን ጸሎት እኔ አላደርግም፣ እዚህም አይደረግም። ተነሡ። ያ ሰው ቤት ሂዱ፣ አንኳኩ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ። የሚታጠብ ካለ እጠቡ። ከዚያ አጠገቡ ሆናችሁ፣ እጁን ይዛችሁ፣ ጸሎቱን ዝጉት።